ዛሬ ልጁ አፏጨ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ ፉጨት ሥራ አስቆመን። ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚህ አሜሪካ እኔ የምሠራበት ቲያትር ቤት የመብራት ረዳት የሆነ ልጅ አለ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ኬብል እያሰረ ያፏጫል። ከታች ሦስት ሰው በአንድ አፍ ጮኸበት። ደንግጦ ወደ እኔ ዞረና በአማርኛ «ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«እናትህ ማታ አታፏጭ፣ ሰይጣን ትጠራለህ አላለችህም?»

«ብላኛለች። ግን ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ቲያትር ቤት ውስጥ ቀን የለም አልኩት። እንደሚተረከው፣ ድሮ መጋረጃና ዲኮር በገመድ የሚያወጡትና የሚያወርዱት ከመርከብ ሥራ የመጡ ሰዎች ነበሩ፣ የሚግባቡትም በፉጨት ነበር። ዝም ብሎ ያፏጨ ሰው ከላይ ከባድ ነገር በራሱ ወይም በባልንጀራው አናት ላይ ሊያስወርድ ይችላል። ዛሬ ትእዛዙ የሚመጣው በጆሮ ማዳመጫ ነው፣ ክልከላው ግን አልተነሳም። «ጎ»፣ ማለትም «ጀምር» የሚለው ትእዛዝም እንዲሁ ነው። የመድረክ አስተዳዳሪዋ ብቻ ናት የምትለው። ሌላው ሰው በማዳመጫው ሲያወራ «ጂ፣ ኦ» እያለ በፊደል ይቆጥረዋል፣ አለዚያ አንዱ የተጠራ መስሎት መብራቱን ይቀይራል። «እግርህን ስበር» ብለው የሚመርቁትንማ ለእናቴ በስልክ ስተረጉምላት «በስመ አብ! ከእነዚህ ጋር ነው የምትውይው?» ብላ ለሳምንት አልለቀቀችኝም።

የእኔ ልብ ያለው ግን «ቴንኪው ፋይቭ» ላይ ነው። አስተዳዳሪዋ «አምስት ደቂቃ!» ብላ ስትጠራ ከየጥጉ «ቴንኪው ፋይቭ!» ይባላል። መጀመሪያ የአሜሪካኖች ትሕትና መስሎኝ ነበር። ለካ ሰምቻለሁ፣ አውቄያለሁ ማለት ነው። የእኛው «አቤት» ነው።

አቤትን በሥራ ላይ ያስተማሩኝ አዲስ አበባ ያሉ አንድ የመብራት ሠራተኛ ነበሩ። ካቻቢቴያቸው ከኪሳቸው አይጠፋም። እኔ ፓውዛው ውስጥ እጄን ከትቼ ሽቦ ስቀይር እሳቸው ታች ማብሪያው ጋ ይቆማሉ። «ልጄ!» ይሉኛል። «አቤት!» ካላልኩ ማብሪያውን አይነኩም። አንድ ቀን ሥራ ይዤ ዝም ብል መብራቱን ትተው ጨለማውን እየዳበሱ እስከ መሰላሉ ድረስ መጡ። ተቆጡኝ። «አቤት ያላለ ሰው ሞቷል ብዬ ነው የምይዘው» አሉኝ። በሕይወት ያለሁት በእሳቸው ነው ብል ማጋነን አይደለም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የሚያንገበግበኝ። ቲያትር ቤቱን አልጠራውም። የእኚህ ሰው ስም ግን አንድም ቀን ፖስተር ላይ አልወጣም። ደራሲው አለ፣ አዘጋጁ አለ፣ ተዋንያኑ በፎቶ አሉ፣ ስፖንሰሩ ከሁሉም ገዝፎ አለ። እሳቸው «እና ሌሎች» ውስጥ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ እንኳ መድረክ ላይ ጠርቶ ያስጨበጨበላቸው የለም። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት «ዳዊትና ኦርዮን» እንደታየ፣ ደራሲውም ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው እንደነበሩ እንናገራለን። ያን ምሽት መጋረጃውን የከፈተው ማን ነው? እዚህ አሜሪካ የመድረክ ሠራተኞች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው፤ እኛ ቲያትር ቤት ደግሞ ልብስ የሚተኩሰውም ሰው ስሙ ፕሮግራሙ ላይ ይታተማል። ይኼ ብር አያስወጣም፣ አንድ መስመር ቀለም ነው። እንዴት አንድ መስመር ቀለም ይነፈጋል?

ዛሬ ማታ ሁሉም ከሄደ በኋላ ልጁን ባዶው መድረክ መሀል አንድ አምፖል አቁሞ እንዲያበራ አደረግኩት። «ጎስት ላይት» ነው የሚሉት፣ የመንፈስ መብራት። መንፈሱን ተዉት፣ ጠዋት ቀድሞ የሚገባ ሰው ከመድረኩ እንዳይወድቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ቲያትር ቤቶች ተዘግተው ይኼ አምፖል ብቻ ሲበራ ስንት ወር ቆየ። ልጁ አብርቶ ሲመለስ ከጨለማው «ልጄ!» ብዬ ጠራሁት። «አቤት!» አለ። ሳላስበው እንባዬ መጣ።

የእኚያን የመብራት ሠራተኛ ስም እዚህ ያልጻፍኩት ቤተሰባቸውን ስላላስፈቀድኩ ነው። ስልካቸው ከጠፋብኝ ዓመታት አልፈዋል። ልጃቸው ይኼን ካነበብሽ፣ እባክሽ ደውዪልኝ።