የወገን ስም ያልነበራት ጽጌረዳ

የምንባብ ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ 11፥19-26



እኛ ባልና ሚስት ነን። ባል የመካነ ሰላም፣ ሚስት የነቀምት ልጅ። ያገናኘን ወንጌል ነው። ልጃችን ካደገች በኋላ ግን ለሁለቱም ዘመድ የሚስማማ መልስ አስጠናናት፤ ወሎ ስትሄድ የአባቷን ወገን፣ ወለጋ ስትሄድ የእናቷን እንድትናገር። ይህን ጥበብ ብለነው ነበር።

አንድ ዓመት ለገና መካነ ሰላም ሄድን። ልጆቹ ከአጥሩ ሥር የበሰለ ቀጋ እየለቀሙ ሲበሉ፣ አንዱ ልጃችንን «ዲቃላ» ብሎ ሰደባት። ከትልቅ ሰው የሰማውን መድገሙ ነው። ማታ መጥታ፣ «እውነተኛው የቱ ነው? እኔ ምንድን ነኝ?» አለችን። መልስ አጣን። ሌሊቱን ጸለይን።

ከእኛ አንዱ በአበባ እርሻ ለዓመታት ሠርቷል። ስለዚህ በማግስቱ ልጃችንን ወደዚያው ቀጋ ወሰድናት። ቀጋ የዱር ጽጌረዳ ነው። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊንድሊ እ.ኤ.አ. በ1820 «ሮዛ አቢሲኒካ» ብሎ መዘገበው፤ አገሬው ግን ከጥንት ጀምሮ ቀጋ ይለዋል። አበባው ነጭ፣ ቅጠሉ አምስት ብቻ ነው። ዛሬ በየግቢው የምናየው ባለ ብዙ ቅጠል ጽጌረዳም ከልዩ ልዩ አገር የዱር ጽጌረዳዎች የመጣ ነው።

የመጣውም በማዳቀል ነው። አትክልተኛው አበባው ሳይፈካ ወንዴ ክፍሎቹን ነቅሎ ያወጣል፤ ከሌላ ጽጌረዳ ያመጣውን የአበባ ዱቄት በሴቴው ላይ ይቀባል። ፍሬው ሲበስል ዘሩን ይዘራል። ከአንድ ፍሬ የወጡ ችግኞች እንኳ አይመሳሰሉም።

በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ጽጌረዳዎች በየወገናቸው ተመድበው ነበር። ከቻይና የመጡት «የሻይ ጽጌረዳ» የሚባሉት ደጋግመው ያብባሉ፤ ብርድ ግን አይችሉም። ሌሎቹ ብርድ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1867 የሊዮኑ ጊዮ «ላ ፍራንስ» የተባለች ጽጌረዳ አወጣ። የሁለቱም መልክ ነበራት፤ ከሁለቱም ወገን ግን አልገባችም። በኋላ ለእርሷና ለመሰሎቿ «ሃይብሪድ ቲ» የተባለ አዲስ ወገን ተሰየመ። ዛሬ ብዙዎች የአሮጌና የአዲስ ጽጌረዳ ዘመን የሚለዩት በእርሷ ዓመት ነው። ከአሮጌው ምድብ ያልገባችው አበባ የዘመን መለያ ሆነች!

ከዚሁ ወገን ሌላም አለች። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ሜይላን እ.ኤ.አ. በ1935 ያዳቀላት ጽጌረዳ መጀመሪያ ስሟ 3-35-40 የሚል ቁጥር ብቻ ነበር። በፈረንሳይ በእናቱ ስም ተጠራች። በጣሊያን «ደስታ»፣ በጀርመን «የእግዚአብሔር ክብር» ተባለች። በአሜሪካ ደግሞ ሚያዝያ 29 ቀን 1945 እ.ኤ.አ.፣ የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ «ሰላም» ተብላ ተሰየመች። በየአገሩ ስሟ ቢለያይም አበባዋ አንዲት ናት።

ልጃችን ይህን ስትሰማ፣ «እንደ መካነ ሰላም!» ብላ ሳቀች።

ወገኖች ሆይ፣ አንጾኪያን አስቡ። ከቆጵሮስና ከቀሬና የመጡ አማኞች ለግሪኮች ወንጌልን ሰበኩ፤ ብዙዎችም አመኑ። በዚያች ቤተ ክርስቲያን በርናባስ የቆጵሮስ ሰው፣ ሉክዮስ የቀሬና ሰው፣ ምናሔ ከሄሮድስ ጋር ያደገ፣ ሳውል ፈሪሳዊ ነበሩ። አይሁድ ብቻ እንዳይባሉ ግሪኮች አሉ፤ ግሪኮች ብቻ እንዳይባሉ አይሁድ አሉ። ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉት እዚያ ነው። የበርናባስ አገር ቆጵሮስ መሆኑ አልተሰረዘም፤ ግን ከዚያ የሚበልጥ ስም በላዩ ተጠራ።

እኛ የበደልነው እዚህ ላይ ነው። ልጃችንን በሰው ፊት ግማሿን እንድትደብቅ አስተማርናት። ሰዳቢው ልጅ አንድ ቃል ተናገረ፤ እኛ ግን ያንኑ ቃል ለዓመታት በዝምታ ስናስጠናት ኖረናል። ንስሐ ገባን። እርሷንም ይቅርታ ጠየቅናት።

አሁን ማን ነሽ ስትባል፣ «የወሎም የወለጋም ነኝ፤ የኢየሱስ ነኝ» ትላለች። ሁሉም ዘመድ በዚህ ደስ አይለውም። ለአንዳንድ ግብዣ መጠራት ትተናል። ቢሆንም ልጃችን በሁለቱም ደጅ አንድ ዓይነት መልስ ይዛ ትገባለች።

እናንተስ፣ በቤታችሁ ለልጆቻችሁ ምን እያስጠናችሁ ነው?

ጸሎት፦ አባት ሆይ፣ ለሰው ደስታ ብለን ለደበቅነው ሁሉ ይቅር በለን። ልጆቻችን ከሁለቱም ወገን የሰጠሃቸውን በረከት ሳያፍሩ ይዘው፣ በላያቸው በጠራኸው ስም እንዲኖሩ እርዳቸው። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።