ልጅዎ ያነባል ወይስ በቃሉ ይደግማል?

ልጅዎ መጽሐፍ ይዞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሰምተው ልብዎ ሞልቶ ያውቃል? የእኔም ብዙ ጊዜ ሞልቷል። አንድ ማለዳ ግን ደስታዬ ወደ ኀፍረት ተለወጠ። የሆነውን ላጫውትዎት።

ከዓመታት በፊት ቢቸና ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ትምህርት የሚጀመረው ጠዋት 2 ሰዓት ቢሆንም ከገጠር በእግራቸው የሚመጡት ልጆች ከ1 ሰዓት ጀምረው በሩ ላይ ተኮልኩለው ይጠብቃሉ። «በብርድ ከሚቆሙ ለምን አናነብም?» አልኩና የንባብ ክበብ ጀመርን። ከሰልፍ በፊት ግማሽ ሰዓት፣ 12 ልጆች፣ 4 የተረት መጻሕፍት። በሩን በማለዳ የሚከፍቱልን አዛውንት ጥበቃ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዳምጡን ነበር።

ከሁሉም አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ ኩራቴ ነበር። የአንበሳንና የጦጣን ተረት እንደ ውኃ ያንቆረቁረዋል። እንግዳ ሲመጣ «ና፣ አንብብ» የምለው እርሱን ነው። አንድ ቀን ጥበቃው ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህ ልጅ አቡጊዳ አልቆጠረም» አሉኝ። አልገባኝም። መጽሐፉን ተቀበሉ፣ መካከሉን ገለጡ፣ ጣታቸውን አንድ ቃል ላይ አሳርፈው፣ «ይህ ምን ይላል?» አሉት። ልጁ ገጹን ትቶ ፊቴን ተመለከተ። ከዚያም ተረቱን ከመጀመሪያው ጀመረ።

ለካስ ማንበብ አይችልም ኖሯል! አራቱንም መጻሕፍት ጓደኞቹ ሲያነቡ ሰምቶ በቃሉ ይዟቸዋል። ልጆች ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ሳይወድቁ ያልፉ ስለ ነበር ማንም አልነቃበትም። እኔማ አጨብጭቤለታለሁ!

እኒያ አባት ፊደል የቆጠሩት በዲማ አካባቢ፣ ከየኔታ እግር ሥር ነው። ልጅ «ሀ ሁ ሂ» እያለ 231ዱን ፊደል እንደ ዜማ ሊወጣው ይችላል። የጥንት መምህራን ይህን ስለሚያውቁ ተራውን አዘበራርቀው «አ ቡ ጊ ዳ» ያስቆጥሩታል። ያን ጊዜ አፉ የለመደውና ዓይኑ የለየው ይታወቃል።

በማግስቱ ሁሉንም ለየብቻ ፈተንኳቸው። ሌሎች ሦስት ልጆችም እንደ እርሱ ነበሩ። ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልነበረ የተረዳሁት ኋላ ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደ የንባብ ጥናት፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል።

ልጁ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ክበቡን ተወ። በጓደኞቹ ፊት ተዋርዷል። ቤቱ ድረስ ሄጄ በእናቱ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ጥፋቱ የአስተማሪው እንጂ የእርሱ አልነበረምና። ተመለሰ። ከጥበቃው ጋር በሩ አጠገብ ተቀምጠው ከአቡጊዳ ጀመሩ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ማለዳ ከመሬት ያነሳውን የሳሙና መጠቅለያ ይዞልኝ መጣ። ማንም አንብቦለት አያውቅም። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለየ፣ እየተንተባተበ አነበበው። እንደ ውኃ አልፈሰሰም፤ ነገር ግን የራሱ ንባብ ነበር።

ዛሬ የማስተምረው ሞጣ ነው። ያችን የማለዳ ግማሽ ሰዓት አልተውኳትም። አሁን ግን ጮክ ብሎ ላነበበ ከማጨብጨቤ በፊት ገጹን እገልጣለሁ።

እርስዎም ዛሬ ማታ ይሞክሩት። መጽሐፉን ከመካከሉ ይግለጡ፤ ሥዕሉን በእጅዎ ይሸፍኑ፤ አንድ ቃል ያመልክቱና ይጠይቁ። ልጅዎ ዝም ካለ አይቆጡት፤ በእህት ወንድሞቹም ፊት አያሳፍሩት። አጠገብዎ ያስቀምጡትና አብረው ይጀምሩ። እርስዎ ፊደል ካልቆጠሩ ደግሞ ታላቅ እህቱን ወይም ጎረቤት ይጠይቁ። እኔንም ያስተማሩኝ የትምህርት ቤት ዘበኛ ናቸውና!