ሃያ ስምንት ስንት ነው?

መተማና አካባቢዋ ውስጥ ስለ ብስክሌት ጎማ ምክር የሚጠይቅ ሰው ምክር አያጣም። ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ «የኋላ ቸርኬ ልገዛ ነው» በሉ፤ በቃ። ከሰሊጥ ነጋዴው እስከ ደላላው፣ ከባጃጅ ነጂው እስከ ጡረተኛው መምህር ድረስ ሁሉም የሚያዋጣው አለው። ብስክሌት ነድቶ የማያውቀው ሰው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ እርግጠኛ ነው። «ሽጥና ሞተር ግዛ» ይላል አንዱ። «ሞተሩን በምን ሊነዳው? በሻይ?» ይላል ሌላው። ቤንዚን የጠፋበት ሰሞን ነበርና ሁሉም ይስቃል።

እኔ የምኖረው ገንዳ ውኃ ነው (የድሮው ሰው አሁንም ሽኸዲ ነው የሚላት)። የግብርና ሠራተኛ ነኝ። ብስክሌቴ «ኮርሳ» የምንላት ዓይነት ናት፤ ጎማዋ ቀጭን፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ፣ ገላዋ አልሙኒየም። አንድ ወዳጄ አገር ሲለቅ ሸጠልኝ። ኮርሳ በቆላ ምን ትሠራለች የሚል ቢኖር፣ ከገንዳ ውኃ በኮኪት አድርጎ መተማ ዮሐንስ የሚደርሰውን አስፋልት ይይ። ሜዳ ነው። ሙቀቱን የቻለ ሰው መንገዱን ይችለዋል።

መቼም ብስክሌት በኛ ዘንድ የልጅ ዕቃ ተደርጎ ነው የሚቆጠረው። ባሕር ዳር ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ እዚህ ግን ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት የመንግሥት ሠራተኛ በኮርሳ ሲያልፍ ሕፃናት ይከተሉታል። «የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉኝም አሉ። ለነገሩ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትወጣ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ እነ ገረመው ደንቦባ በቡድን 9ኛ ሆነው ተመልሰዋል። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይኼን ሻይ ቤት ውስጥ ብናገር ማን ይሰማኛል? ወደ ቸርኬው ልመለስ።

ነገሩ የጀመረው በሽቦ ነው። ከኋላ አንድ ሽቦ ተበጠሰ፤ አስጠገንኩ። ሌላ ተበጠሰ። ሦስተኛው ሲበጠስ ጎሚስታው ጎማውን አውልቆ አሳየኝ፦ ቸርኬው ራሱ፣ ሽቦዎቹ በሚገቡበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል። «ይኼ አይጠገንም፤ ቢበዛ አንድ ወር» አለኝ።

ለመሆኑ የአንድ ሰው ቸርኬ ምን ያህል ቁም ነገር ሆኖ ነው ጋዜጣ ላይ የሚጻፍበት? ልንገራችሁ። ድሮ ጎማዬ ቢተነፍስ ግራር ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ማስቲሼን ቀብቼ፣ ከከብት ጠባቂዎች ጋር ወግ ይዤ እጠግን ነበር። የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ነው። በክልሉ ግጭት ከተነሣ፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ ግን፣ መንገድ ዳር ቆሞ መታየት ሌላ ትርጉም አለው። ሰው የሚታገትበት፣ ቤተሰቡ ገንዘብ የሚጠየቅበት ዘመን መጣ። መንገዱ ደህና ነው በተባለ ቀን፣ በጠዋት ብቻ ነው የምወጣው። ባለቤቴ ስወጣ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ናት፦ «ጎማውን አይተኸዋል?» ስለዚህ ቸርኬ ስመርጥ የምመርጠው ፍጥነት አልነበረም። አለመቆምን ነበር።

ለሥራ ጎንደር በወጣሁበት አጋጣሚ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ትሑት ነው፤ ገና ሳልጨርስ ከግድግዳው ላይ አንድ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ነገር አወረደ።

«ጋሼ፣ ይኼ ካርቦን ነው። ያንሱትና ክብደቱን ይዩት።»

አነሳሁት። በእርግጥም ይቀላል። የቸርኬው ከንፈር ሦስት ጣት ያህል ይሰፋል። ሽቦዎቹን ቆጠርኩ፦ ሃያ።

«ሃያ ብቻ?»

«አነስ ሲል ነው ጥሩ ጋሼ፤ ነፋስ ይቆርጣል።»

ነፋስ መቁረጡ እውነት ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚበር ተወዳዳሪ ያ ልዩነት ሰከንድ ነው፤ ሰከንድ ደግሞ እንጀራው ነው። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነበር። ሠላሳ ሁለት ሽቦ ካለው ቸርኬ አንዱ ቢበጠስ፣ ትንሽ እየተወላገደ ቤት ያደርሳል። ከሃያው አንዱ ቢበጠስ ግን የቀሩት ጎትተው ያጣምሙታል፤ ፍሬኑን ወይም ገላውን እየታከከ ባለበት ያቆማል። የሃያ ሽቦ ቸርኬ ከኋላው ትርፍ ጎማ የጫነ መኪና ለሚከተለው ሰው የተሠራ ነው። እኔን የሚከተለኝ አቧራ ነው።

ሌላም አለ። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መተማ ወደ 700 ሜትር ገደማ ትወርዳለች። ከጭልጋ በኋላ ያለውን ቁልቁለት በኮርሳ የወረደ ሰው ፍሬን ምን እንደሚያሞቅ ያውቃል። ጎኑን በሚቆነጥጥ ፍሬን የካርቦን ቸርኬ ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ሙቀቱን ቶሎ አያስወጣም፤ ቁሶቹን ያጣበቀው ሙጫ ሊለሰልስ ይችላል። አልሙኒየም ግን ሙቀቱን ይበትነዋል። ይኼን ለልጁ ብነግረው «ታዲያ ዲስክ ፍሬን ያድርጉት» አለኝ። የኔዋ ዲስክ የሚታሰርባት አይደለችም። አሁን አሁን የሚመጣው አዲስ ቸርኬ ደግሞ አብዛኛው ለዲስክ የተሠራ ነው፤ ጎኑ ላይ ፍሬን የሚይዝበት ቦታ የለውም። ዋጋው? የወር ደመወዜን ሁለት ሦስተኛ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሲጠየቅ ሻጩም ራሱ ይተነፍሳል።

«እሺ፣ ጎማውን ብቻ ላስቀድም፤ ሃያ ስምንት አለህ?» አልኩት።

«ሞልቷል!» ብሎ ሦስት ጎማ ከመረልኝ። ሦስቱም ላይ 28 ተጽፏል። ሦስቱም የተለያዩ ናቸው።

ብስክሌት ያለው ሰው ይቺን አንብቦ ለራሱ ይያዛት። አንደኛው 28 የትልቁ ጥቁር ብስክሌት፣ የነፎኒክስ ነው። ሁለተኛው 28 የዘመኑ ኮርሳ ነው፤ አምራቾቹ 700 ይሉታል፣ አውሮጳ ውስጥ ግን 28 ተብሎም ይሸጣል። ሦስተኛው ጎማ ላይ ያለው 28 ደግሞ ከፍታው ሳይሆን ስፋቱ ነው፤ 28 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በኢንች ነው የተባለው የኔ ጎማ በሜትር ቢለካ ሃያ ሰባት እንኳ አይሞላም! ከዚህ ሁሉ ውዥንብር የሚያወጣው ከጎማው ጎን በትንንሹ የሚታተመው ቁጥር ነው። የፎኒክሱ መጨረሻው 635 ነው፣ የኮርሳው 622። ይኼ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 13 ሚሊ ሜትር፣ የአንድ ጣት ስፋት እንኳ አይሞላም፤ ግን አንዱ በሌላው ላይ በጭራሽ አይሠራም። ወይ አይገባም፣ ወይ ገብቶ መንገድ ላይ ይወልቃል። ስንቱ ሰው 28 ብሎ ገዝቶ፣ ቤቱ ሲደርስ ባለሱቁን ሲረግም ያድራል! ባለሱቁም አልዋሸም፤ 28 ጠየቁት፣ 28 ሰጠ።

622 የሚል፣ ስፋቱ 28 የሆነ ጎማ ሁለት ገዝቼ፣ ቸርኬውን ትቼ ወረድኩ።

ቸርኬውን ያገኘሁት መተማ ዮሐንስ ነው፣ ከአንድ ሱዳናዊ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ በጋላባት በኩል ከተሻገረው ሕዝብ መካከል ነው። ብዙዎቹ ኩመር መጠለያ ገቡ፤ እሱ ግን ከኦምዱርማን ሲወጣ የሽቦ ማጥበቂያ መፍቻውን በኪሱ ይዞ ነበርና መንገድ ዳር አንድ ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠ። በነሱ አፍ ጎማውም «ዐጀላ» ነው፣ ብስክሌቱም «ዐጀላ» ነው፤ ጠጋኙ «ዐጀላቲ» ይባላል። የኛ ደግሞ ከለመዳሪው፣ ጎሚስታው፣ ካቴናው፣ ፓራፋንጎው ሁሉ ጣሊያን ነው። ሁለታችን ስንነጋገር አንድ ጎማ በሦስት ቋንቋ ይዞራል።

የጎንደሩን ካርቦን ነገርኩት።

«ያ ኡስታዝ፣ ያ ለሩጫ» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። «አንተ ትሮጣለህ?»

«አልሮጥም።»

«ታዲያ!»

የኋላውን ሞዞ ፈትቶ ኩሽኔታውን በጣቱ አዞረ፣ ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዳመጠ፤ «ጤነኛ» አለ። ሞዞው ሠላሳ ሁለት ቀዳዳ አለው። ከገዳሪፍ ከመጣ አንድ ከፈረሰ ብስክሌት ላይ ያወጣው፣ ድርብ ግድግዳ ያለው የአልሙኒየም ቸርኬ ነበረው፤ ሠላሳ ሁለት ቀዳዳ፣ 622። አዲስ ሽቦ ቆጥሮ መረጠና አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሲሠራ ዋለ። መጀመሪያ ሁሉንም ልል አድርጎ ይሰካል፤ ከዚያ ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያለ ያጠብቃል። በየመሐሉ ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንድ እያደረገ እንደ ክራር ይነካካል። ድምፃቸው ከጎረቤታቸው ካልገጠመ ይመለሳል። የጎንደሩ ልጅ ከጠራልኝ ዋጋ ሲሶውን እንኳ አልጠየቀኝም።

ጎማዎቹን ሲያይ ነው ደስ ያለው። ጎሚስታው «ወፍራም ነው፤ ኮርሳ ቀጭን ነው የሚያምርባት» ብሎኝ ነበር። ቀድሞ ያደረግኩት 23 ሚሊ ሜትር ነበር፤ እንደ ድንጋይ ካልተነፋ አይሄድም። ግን በዛሬው ቱር ደ ፍራንስ እንኳ ተወዳዳሪዎቹ 28ና 30 አድርገው፣ አየሩንም ቀንሰው ነው የሚነዱት፤ ሻካራ መንገድ ላይ ሰፊው ጎማ እንደማያዘገይ ተለክቶ ታውቋል። ለኛ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ጠዋት በቀዝቃዛው 7 ባር የተነፋ ጎማ እኩለ ቀን ላይ በሚግለበለብ አስፋልት 60 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 8 ይጠጋል። አየሩ አነስ ብሎ የተነፋ ሰፊ ጎማ ለዚህ ቦታ ይተርፈዋል። የጋባ እሾህን ግን የሚችል ጎማ እስካሁን አላየሁም።

ወደ ጌጣጌጡ ስንመጣ፣ የሰው ጠባይ የሚታየው እዚያ ነው። መስተዋት በሁለት በኩል፣ በሽቦው መሐል የፕላስቲክ አበባ፣ መሪው ላይ የሚንጠለጠል ጭራ። እኔም አማካሪዎቼ ብዙ ነገር አስመክረውኛል። መብራት? ማታ ማን ይወጣል! ፓራፋንጎ? በበጋ ይሁን፤ በክረምት ግን ዋልካው በፓራፋንጎና በጎማው መሐል ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክርና ብስክሌቷን ትሸከሟታላችሁ። ሄልሜት አስመጥቻለሁ፤ ይሳቅብኝ። የውኃ መያዣ ሁለት፤ ይኼ ጌጥ አይደለም፣ በግንቦት ያለ እሱ አይወጣም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ የማያወጣ፣ የጥፍር ያህል የነሐስ ቁራጭ ነው። የኮርሳ ከለመዳሪ አፉ ቀጭን ነው፤ የጎሚስታው መንፊያ ደግሞ የመኪና ነው፣ አይገጥምም። ያቺ ቁራጭ ቀጭኑ ላይ ስትታሰር የመኪናውን ታስመስለዋለች። ኪሴ ውስጥ አንድ፣ ኮርቻው ሥር አንድ፣ ጎሚስታው ዘንድ አንድ አስቀምጫለሁ።

ዐጀላቲው ይሄዳል። ጦሩ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ላይ ካርቱምን መልሶ ያዘ ከተባለ ወዲህ ኦምዱርማን ያለ ቤቱን እንደ ጎረቤት ሠፈር ነው የሚያወራው። «ጣራው አለ ብለውኛል» ይላል፤ ስለ ግድግዳው አይናገርም። ሣጥኑ አጠገብ አንድ የአካባቢው ልጅ ቸርኬ ይዞለት ይቆማል። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው መጥቶ ልጁን «ሃያ ስምንት አላችሁ?» ሲለው ሰማሁ። ልጁ ቀና ብሎ «ስንተኛውን?» አለው።

እኔንም ሲያሰናብተኝ ስምንት ትርፍ ሽቦ ሰጠኝ፤ አራቱ በቀይ ክር፣ አራቱ በነጭ ክር የታሰሩ። የኋላ ቸርኬ የቀኝ ጎኑና የግራ ጎኑ ሽቦ ርዝመቱ እኩል አይደለም። «ቀይ ቀኝ፣ አጭር። ነጭ ግራ፣ ረጅም» አለኝ፤ ደግሞ አስባለኝ። ገንዘብ ሳወጣ እጄን መለሰው። ሽቦዎቹን ከኮርቻዋ ምሰሶ ጋር በፕላስተር ጠቅልዬ አስሬያቸዋለሁ።