ወደ ኋላ የሚዋኝ እግር

ዛሬ ስለ ኑሮ ውድነትም ስለ ታክሲ ሰልፍም አላወራም። የማወራው ስለ እግሬ ነው።

እናላችሁ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነኝ። አሰልጣኜ የስፖንጅ ቦርድ ሰጠኝና “እጅሽን ተይው፣ በእግርሽ ብቻ ማዶ ድረስ ሂጂ” አለኝ። ማዶ ማለት 25 ሜትር ነው። ቦርዱን ይዤ፣ እጄን ዘርግቼ፣ በሁለት እግሬ ውሃውን እንደ በርበሬ መውቀጥ ጀመርኩ። ውሃው ይረጫል፣ ድምፁ ግቢውን ሞልቶታል፣ እኔም እየሄድኩ መስሎኛል። ትንሽ ቆይቶ ተረከዜ አንድ ጠንካራ ነገር ነካ። ዞር ብዬ ሳይ የተነሳሁበት ግድግዳ ነው። ወደ ኋላ ሄጃለሁ!

ይሄ ሁሉ ሲሆን ከጎኔ ባለው መስመር፣ ሰባ ዓመት የተሻገሩ የሚመስሉ አንድ አባት በጀርባቸው ተንጋለው፣ ከኤርፖርቱ የሚነሳውን አውሮፕላን እያዩ፣ ውሃውን እንኳን ሳይረብሹ አለፉኝ። ማዶ ደርሰው ሲመለሱ እኔ እዚያው ነኝ። “አይዞሽ ልጄ፣ ሪቨርስ ገብቶብሽ ነው” አሉኝ። “እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ” ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

የሚያናድደው ደግሞ እግሬ ሰነፍ አለመሆኑ ነው። ታላቁ ሩጫን አራት ጊዜ ሮጫለሁ፤ አራቱንም ጊዜ 10 ኪሎ ሜትሩን ሳልቆም ጨርሻለሁ (በመሀል ዳንስ ሳይቆጠር)። መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ ስንት ማለዳ ወጥቼ ወርጃለሁ። ታዲያ ይሄ ሁሉ ጉልበት ውሃ ውስጥ ሲገባ የት ጠፋ?

“ለምን አትተዪውም? አንቺ ኦሎምፒክ አትሄጂ!” የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የማልተወው ባቦጋያ ላይ በሆነው ነገር ምክንያት ነው። ዋና የተማርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በ23 ዓመቴ ነው። በእጄ ጎበዝ ነበርኩ፤ ገንዳ ውስጥ ሁለት ሦስቴ እመላለሳለሁ፤ ስለዚህ “ዋናተኛ ነኝ” ብዬ ደመደምኩ። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር ቢሾፍቱ ወረድን። ባቦጋያ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ከዳር ጥቂት እንደራቃችሁ እግር የሚያርፍበት መሬት አይገኝም። እየዋኘሁ ራቅ አልኩ። ስመለስ ደከመኝ፣ እግሬ እንደ ድንጋይ ወደ ታች ይጎትተኝ ጀመር፣ እኔም ደንግጬ በኃይል ስመታ ባቴን ጨመደደኝ። ካያክ ላይ የነበረ ልጅ መቅዘፊያውን ባያቀብለኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፈው፤ ያውም በሌላ ርዕስ።

እናቴ “ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል” እያለች ነው ያሳደገችኝ። እውነቷን ነው። በየክረምቱና በየበዓሉ ሐይቅና ወንዝ ስለወሰዳቸው ወጣቶች እንሰማለን፣ ከንፈር እንመጣለን፣ እናልፋለን። እናቴ ግን ከዚህ ያወጣችው መደምደሚያ “ውሃ አጠገብ አትድረሺ” የሚል ነው፤ እኔ ደግሞ “በደንብ ልማር” የሚል። (የባቦጋያውን ነገር እስካሁን አልነገርኳትም። ኢንተርኔት አለመጠቀሟ አንዳንዴ ጥሩ ነው።)

ወደ ገንዳው እንመለስ። ኮች ከውሃ አወጣኝና ወለሉ ላይ አስቀመጠኝ። “እግርሽን ዘርጊና የእግርሽን ጣቶች መሬት አስነኪ” አለኝ። ሞከርኩ። በአውራ ጣቴና በወለሉ መሀል የቡና ሲኒ ቆሞ ያልፋል። ሽማግሌውን “ጋሼ፣ እርስዎ እስቲ ያሳዩዋት” አላቸው። እሳቸው ሲዘረጉት መዳፈ እግራቸው ቀጥ ብሎ ከቅልጥማቸው ጋር አንድ መስመር ሆነ። ያኔ ገባኝ።

ኮች እንዲህ ነው ያስረዳኝ፦ “ያንቺ እግር እንደ ዶማ ነው። ዶማ ደግሞ ወደ ራሱ ነው የሚስበው። ቁርጭምጭሚትሽ ስለማይዘረጋ፣ በመታሽ ቁጥር እግርሽ ውሃውን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ውሃው ወደ ፊት ከተገፋ አንቺ ወዴት ትሄጃለሽ?” የእሳቸው እግር ግን የዓሣ ጅራት ነው፤ ሲወርድ ውሃውን በእግራቸው ጀርባ እየጠረገ ወደ ኋላ ይልከዋል።

ይሄንን ያመጣውም ያው ሩጫዬ ሳይሆን አይቀርም። ሯጭ ቁርጭምጭሚቱ ጠንከር ሲል ይጠቀማል፤ መሬቱን ይረግጥና እንደ ስፕሪንግ ይነጥራል። ውሃ ግን አይረገጥም። ረግጦ መነሳት የለመደ እግር ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚረግጠው ነገር ይፈልጋል፣ ሲያጣ ደግሞ ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ የባሰ ይደርቃል። እኔ ጉልበት አነሰኝ እያልኩ ጉልበት ስጨምር ነበር። የጎደለኝ መልቀቅ ነው።

ሁለተኛው ጥፋቴ ጉልበቴን ማጠፌ ነበር። ብስክሌት የምነዳ ይመስል ጉልበቴን ወደ ሆዴ እስባለሁ። ያኔ ጭኔ ውሃው ፊት እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ፍሬን ይዞ ነዳጅ መስጠት ማለት ነው። ምቱ የሚነሳው ከዳሌ ነው። ጭን ይጀምራል፣ ጉልበት ትንሽ ብቻ እጥፍ ብሎ ይከተላል፣ መጨረሻ ላይ መዳፈ እግር እንደ ጅራፍ ጫፍ ይወናጨፋል። ምቱም ትንንሽ ነው እንጂ እኔ እንደማደርገው ከሰማይ እስከ ምድር አይደለም።

ሦስተኛው ትንፋሽ ነው። የጭን ጡንቻዎች በሰውነታችን ካሉት ትልልቆቹ ናቸው፤ በኃይል ሲሠሩ ኦክስጅን እንደ ጉድ ይበላሉ። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። እዚህ ከተማ ውሃ እየወቀጠ የሚዋኝ ሰው ትንፋሹን በብድር ነው የሚኖረው። በነፃ ቀዘፋ ወደ ፊት ከሚወስደን ኃይል አብዛኛው የሚመጣው ከእጅ ነው። አጭር ርቀት የሚወዳደሩት ቀኝና ግራ እጃቸው አንድ ዙር እስኪጨርስ ስድስት ጊዜ ይመታሉ፤ ረጅም ርቀት ከሚዋኙት ግን ብዙዎቹ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚመቱት። ለእንደኔ ዓይነቱ የእግር የመጀመሪያ ሥራው ሰውነትን ቀጥ አድርጎ ውሃው ላይ ማስተኛት ነው።

ከዚያማ ምን አለፋችሁ፣ ከጥቅምት ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ማታ ማታ ዜና ሳይ ተንበርክኬ ተረከዜ ላይ እቀመጣለሁ፤ መጀመሪያ ሃያ ሰከንድም አልቻልኩም፣ ቆይቶ አንድ ደቂቃ ሞላሁ። (ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይሄን እንዳይሞክር።) እናቴ ስታየኝ ጸሎት የጀመርኩ መስሏት ደስ ብሏት ነበር። ገንዳ ውስጥ ደግሞ ኮች ቦርዱን ቀማኝና በጀርባዬ አስተኛኝ። ሕጉ አንድ ነው፦ ጉልበትሽ ከውሃው በላይ እንዳይታይ፣ የእግርሽ ጣቶች ብቻ ውሃውን ያፍሉት። ከዚያ በጎን። ከዚያ ጥልቁ ጋ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አጥፌ፣ በእግሬ ብቻ ጭንቅላቴን ከውሃ በላይ ማቆየት፤ አስራ አምስት ሰከንድ ሥራ፣ ግማሽ ደቂቃ እረፍት። አንዳንዴ አጭር ፊን ያስጠልቀኝና ሁለት ዙር ከሄድኩ በኋላ ያስወልቀኛል። ፊኑ ትክክለኛው ምት ምን እንደሚመስል ለእግር ያሳየዋል፤ ካልወለቀ ግን ምርኩዝ ይሆናል።

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ይባል የለ? የእኔ እንቁላል ለመፈልፈል ሁለት ወር ፈጀበት። በታኅሣሥ አንድ ጠዋት 25 ሜትሯን በእግር ብቻ ጨረስኳት፤ 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ። በየካቲት 58 ሰከንድ ሆነች። ሽማግሌው አጨበጨቡልኝ፣ ውሃ ውስጥ ሆነው።

በዚያው ሰሞን ኮች ሰዓት ይዞ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ አስዋኘኝ። 2 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ። ግድግዳውን ይዤ ሳለከልክ አንድ ሰው ትዝ አለኝና ደስታዬ ቀዘቀዘ።

በነሐሴ 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ሮቤል ኪሮስ ይህችኑ 100 ሜትር በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ዋኝቶ ከ59 ተወዳዳሪዎች 59ኛ ወጣ። ርቀቱን ያሸነፈው አውስትራሊያዊው ካይል ቻልመርስ በ47.58 ሰከንድ ነው። ዓለም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። እኔ ያኔ የሃይስኩል ተማሪ ነበርኩ፤ በሰውዬው ሆድ የተቀለደ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ሼር አድርጌያለሁ። ከሦስት ቀን በኋላ አልማዝ አያና 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር “እግር ማለት ይሄ ነው” ብለን ደመደምን።

አትሳሳቱ፣ የምርጫው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነበር። አባቱ የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ፣ ባንዲራ የያዘውም እሱ ነው፤ ጋዜጠኛ ይህን ካልጠየቀ ምን ይጠይቃል? እኔ ግን ጥያቄ አልነበረም ሼር ያደረግኩት። ጋዜጠኝነት ስማር “ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት” እያልን ሸመደድን። ስለ ሮቤል “ማን” እና “የማን ልጅ” የሚለውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። “እንዴት” የሚለውን ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም፦ በሯጮች አገር፣ ስስ አየር ላይ፣ ሰው እንዴት ዋናተኛ ይሆናል? እኔ አራት ወር ለፍቼ እንኳ በእኔ 2 ደቂቃ ከ31 ውስጥ የሱ ሰዓት ሁለቴ ይገባል፤ ትራፊም አለው። የሳቅኩበት ቁጥር ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅኩት በእግሬ ስመዝነው ነው።

ከፋሲካ በኋላ ባቦጋያ ተመለስኩ። ዘንድሮ ጓደኛዬ በካያክ አጠገቤ ነበረች፣ ወገቤ ላይም ብርቱካናማ መንሳፈፊያ ታስሯል፤ ጀግንነት ይብቃን ብለናል። ውሃው ከገንዳው ይቀዘቅዛል። ስሄድ እግሬ ከኋላዬ ተኝቶ ተከተለኝ፣ ትንሽ ትንሽ ይመታል። ስመለስ ግን ያው ባቴ እንደገና ጨመደደኝ። ልቤ ዱብ አለ። ጓደኛዬ መቅዘፊያውን ልታቀብለኝ ስትል “ቆይ” አልኳት። በጀርባዬ ተንጋለልኩ። ቁርጭምጭሚቴን ለቀቅኩት። ሰማዩን እያየሁ፣ ጉልበቴን ከውሃው በታች ደብቄ፣ በጣቶቼ ውሃውን ማፍላት ጀመርኩ። ባቴ ቀስ እያለ ተፍታታ።

ዳር እስክደርስ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ጀርባዬን ለዳሩ ሰጥቼ ስለነበር የት እንደደረስኩ አላየሁም። ጭንቅላቴ ሳሩን ሲነካ ነው የነቃሁት። ጋሼ ቢያዩኝ “ሪቨርስ ገብቶብሽ ነው” ይሉኝ ነበር። ገብቶልኝ ነው፤ በዚህኛው ጊዜ ያስገባሁት ራሴ ነኝ።

ቸር እንሰንብት!