የቁስል ድንበር

ክፉ ደዌ የገባበትን ሥጋ ቆርጦ የሚያወጣ ሐኪም ከሁሉ ይልቅ የሚጨነቅበት ነገር ደዌው የት ላይ አብቅቶ ጤናማው ሥጋ ከወዴት እንደሚጀምር ለይቶ ማወቅ ነው። ይህ ድንበር ለዓይን አይታይም። ከላይ ሲያዩት የሽምብራ ፍሬ የሚያህል የቆዳ ካንሰር ከቆዳ በታች እንደ ሰርዶ ሥሩን ሰዶ ሊገኝ ይችላል፤ ሰርዶ ሲነቅል የኖረ ገበሬም ከመሬት በላይ ያለውን ብቻ አጭዶ መሄድ ምን እንደሚያስከትል ሳይነገረው ያውቀዋል። ስለዚህ ሐኪሙ በሚታየው ቁስል ዙሪያ ጤናማ ከሚመስለውም ጥቂት ጨምሮ ይቆርጣል፤ ልኩ እንደ ደዌው ዓይነት ቢለያይም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው። በጀርባ ወይም በክንድ ላይ ይህ ቀላል ነገር ነው። ከዓይን ቆብ በታች ሲሆን ግን አንዲቱ ሚሊ ሜትር እንኳ ዋጋ አላት፤ ቢያበዙት ዓይኑ መከደን ይሳነዋል፤ ቢያሳንሱት ደዌው ይቀራል።

እኛ ይህን ነገር ለመመርመር የበቃነው በታላቅ እኅታችን ምክንያት ነው። አባታችን በውትድርና ወደ ነገሌ ቦረና ወርዶ፥ ከጡረታ በኋላ ከነገሌ ወደ ዶሎ አዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በፊልቱ ከተማ ቤት ስለ ሠራ፥ ቤተሰባችን በዚያው ቀረ። እትዬ ከአልቢኒዝም ጋር የተወለደች ናት። ከጥቁር አባትና ከጥቁር እናት እንዲህ ያለች ልጅ መወለዷ ለብዙዎች እንቆቅልሽ ሆኖባቸው ለምጽ ነው የሚሉ ነበሩ። ለምጽ ግን አይደለም፤ ተላላፊም አይደለም። ለቆዳ፥ ለጠጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚባለው ነገር በሰውነት ውስጥ ሳይሠራ ወይም እጅግ አንሶ ሲቀር የሚሆን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በአባትም በእናትም ዘር ተሰውሮ የኖረው ጠባይ በአንድ ልጅ ላይ ሲገናኝ ይገለጣል። ሜላኒን ለቆዳ የተፈጥሮ ጥላ ነው። ያለዚህ ጥላ በቆላ ፀሐይ ሥር መኖር ምን ማለት እንደሆነ ፊልቱን በበጋ ያየ ሰው ይረዳዋል።

እትዬ ከበራፏ ላይ ሻይና ብስኩት እየሸጠች ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖራለች። ራሷን በነጠላ ትሸፍናለች፤ ነጠላ ግን ስስ ነው። ጎረቤታችን የሆኑት አንዲት ሶማሌ እናት ይህን አይተው፥ የራሳቸውን ጋርባሳር ሁለት እጥፍ አድርገው ጣሉላትና «የናንተ ልብስ ለቤተ ክርስቲያን ያምራል፤ ለፀሐይ ግን አይሆንም» አሏት። ኋላ ከሐኪሞች የሰማነው ምክር ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም።

ከቀኝ ዓይኗ በታች የወጣባት ትንሽ ቁስል አንድ ጊዜ እየደረቀ አንድ ጊዜ እየደማ ዓመት ሲሞላው፥ በቤታችን ክርክር ተነሣ። ጸበል ይበቃታል የሚሉ ነበሩ፤ ሆስፒታል ትሂድ የሚሉም ነበሩ። የንስሐ አባታችን ሁለቱንም ወገን ካዳመጡ በኋላ «ጸበሉንም ጠጪ፥ መኪናውንም ተሳፈሪ» ብለው ክርክሩን ዘጉት። መጽሐፈ ሲራክ ስለ ባለ መድኃኒት ክብር የሚናገረውን አስታውሰው፥ ቀጥሎም ኦሪት ዘሌዋውያንን ገለጡ። በዚያ መጽሐፍ በምዕራፍ 13 ካህኑ በሰው ቆዳ ላይ የወጣውን ምልክት ሲመረምር ለፍርድ አይቸኩልም፤ ሰውየውን ሰባት ቀን ለይቶ አቆይቶ ምልክቱ በቆዳው ላይ መስፋት አለመስፋቱን ያያል፤ ካልሰፋም ሰባት ቀን ይጨምራል። በምዕራፍ 14 ደግሞ ደዌ ስለ ያዘው ቤት ተነግሯል፤ የተበከሉት ድንጋዮች ይወጣሉ፥ የግድግዳው ምርግ በዙሪያው ሁሉ ይፋቃል፥ ሌላ ድንጋይና ሌላ ጭቃ ይገባል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ደዌው ተመልሶ ቢወጣ ግን ቤቱ ይፈርሳል። ይህን ስንሰማ የቀዶ ሕክምናን ነገር ገና አናውቅም ነበር። ካወቅነው በኋላ ግን የሐኪሙም ጥያቄ ያው ሆኖ አገኘነው፤ ሰፍቷል ወይስ አልሰፋም? ፍቀን ጨርሰናል ወይስ ቀርቷል?

ከነገሌ ወደ አዲስ አበባ ተላከች፤ መንገዱ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚያም ቁስሉ ተቆርጦ ወጣ፥ ስፌቱም ተፈታ፥ እትዬም ወደ ቤቷ ተመለሰች። ልክ በአራተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ፤ ከወጣው ሥጋ በአፍንጫዋ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ የካንሰር ሕዋስ ስለ ታየ ተመልሳ ትምጣ የሚል ነበር። እትዬ «ካህኑ ሰባት ቀን ቢል እኔን አራት ሰባት ቀን አስጠበቀኝ» ብላ ቀለደች እንጂ፥ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣች እናውቃለን። ለሁለተኛው ጉዞ ገንዘብ መፈለግ፥ ሱቁን መዝጋት፥ ገና ያልጠነከረውን ጠባሳ እንደገና ማስቆረጥ ነበረባት። አልሄድም ብላ ሦስት ቀን ከርማ በአራተኛው ቀን ጓዟን አሰረች።

ሁለተኛው ሥራ ከተፈጸመ በኋላ፥ ታማሚዋ ገና በጠረጴዛው ላይ ሳለች ጠርዙ መጽዳቱን ማወቅ አይቻልም ወይ ብለን ሐኪሙን ጠየቅነው። በትዕግሥት አስረዳን። የወጣው ሥጋ በፎርማሊን ተነክሮ፥ በሰም ተደፍኖ፥ ከሚሊ ሜትር ሺህ ክፍል አራት ወይም አምስቱን በሚያህል ውፍረት ይቀረደዳል፤ በሐምራዊና በጽጌረዳ ቀለም ተነክሮም በማይክሮስኮፕ ይታያል። ይህ ቢያንስ ቀናት ይፈልጋል፤ ወረፋ ሲጨመርበት ሳምንታት ይሆናል። ከዚህም በላይ፥ የተለመደው አቆራረጥ ከጠርዙ ሁሉ የሚያሳየው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢሆን ነው። እናቶች እንዲገባቸው በድፎ ዳቦ እንመስለው። ድፎውን ሦስትና አራት ቦታ ቆርጠን የተቆረጠውን ፊት ብናይ የቅርፊቱን ጥቂት ቦታ እናያለን እንጂ፥ በሁለቱ ቁራጮች መካከል ያለው ቅርፊት ማረሩን አናውቅም።

ለዚህ መላ የፈለገው ፍሬድሪክ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ገና ተማሪ ሳለ የጀመረውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1941 አሳትሞ አወጣ። የእርሱ ዘዴ የድፎውን ቅርፊት በሙሉ ልጦ በጠፍጣፋው እንደ መዘርጋት ነው፤ ሐኪሙ ስስ ሽፋን ያነሣል፥ ካርታ ይሥልበታል፥ ሥሩንና ዙሪያውን ሁሉ በማይክሮስኮፕ ይመለከታል፤ ካንሰር በቀረበት ቦታ ብቻ ተመልሶ ይቆርጣል። በመጀመሪያ ሥጋው በዚንክ ክሎራይድ ልጥፍ ይደርቅ ስለ ነበር ሕመሙም ቀኑም ብዙ ነበር፤ ኋላ በብርድ አጠንክሮ መቁረጥ ሲለመድ እያንዳንዱ ሽፋን በአንድ ሰዓት ገደማ የሚታይ ሆነ። ባዛል ሴል የተባለው የቆዳ ካንሰር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታከም በዚህ ዘዴ ከመቶ እስከ 99 ያህሉ በአምስት ዓመት ውስጥ አይመለስም፤ በተለመደው አቆራረጥ ግን ወደ 90 ይወርዳል።

በዘመናችን ደግሞ ሥጋውን ሳይቀረድዱ በብርሃን ፎቶግራፍ የሚያነሡ መሣሪያዎች መጥተዋል። ከነዚህ አንዱ ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ይባላል። አሳቡን ማርቪን ሚንስኪ እ.ኤ.አ. በ1957 ለፈጠራ መብት አቅርቦት ነበር፤ ይህ ሰው ኋላ የታወቀው ስለሚያስቡ ማሽኖች ባደረገው ምርምር መሆኑ የሚያስገርም ነው። መሣሪያው በሌዘር ብርሃን አንዲትን ስስ ንጣፍ ብቻ ለይቶ ያሳያል። የወጣው ሥጋ ብርሃን በሚሰጥ ቀለም ጥቂት ተነክሮ ከመስተዋቱ ላይ ሲቀመጥ ጠርዙ በደቂቃዎች ውስጥ በምስል ይወጣል፤ ኮምፒዩተሩም ምስሉን ሐኪሞች ዓይናቸው በለመደው በሐምራዊና በጽጌረዳ ቀለም ይቀባዋል። ቁስሉ ሳይሰፋ ታማሚዋም ከጠረጴዛው ሳትወርድ መልሱ ይታወቃል። በቆዳ ላይ እንዳለ ሲታይ ግን ከሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ብዙ አልፎ አያይም፤ ወፍራም ቅርፊት ያለው ቁስልም ብርሃኑን ይመልስበታል። እ.ኤ.አ. በ1991 የተገለጠው ኦፕቲካል ኮሄረንስ ቶሞግራፊ የሚባለው ሌላው መሣሪያ እስከ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ጠልቆ ያያል፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ሕዋስ አጥርቶ አያሳይም። የጠጉር ሥርና የቆየ ጠባሳም ዓይንን ሊያሳስቱ ይችላሉ፤ ስለዚህ የሰሙ ምርመራ እስከ ዛሬ አልተተወም።

መሣሪያዎቹ ውድ ናቸው፤ በበለጸጉት አገሮችም በየሆስፒታሉ አይገኙም። ለአገራችን ከሁሉ በፊት ይህ ይገዛ ብለን አንከራከርም። የፓቶሎጂ ሐኪሞቻችን ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲመዛዘኑ እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ ተመልካች በሌለበት መስተዋት ቢያበሩ ምን ይጠቅማል? ነገር ግን አንድ ነገር ልባችንን ይስበዋል። ሥጋ ከነገሌ አዲስ አበባ በመኪና ይሄዳል፤ ምስል ግን በሽቦም ያለ ሽቦም በቅጽበት ይደርሳል። አንዱ ሐኪም በቆላ ከተማ ቆርጦ ሌላው በዋናው ከተማ ጠርዙን ቢያይለት፥ እንደ እትዬ ያለችው ሴት ሁለት ጊዜ ባልተንከራተተችም ነበር። በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ የተቋቋመው አለርት ዛሬ ለልዩ ልዩ የቆዳ ሕመም መታከሚያ ሆኗል፤ በአንድ ደዌ ላይ የተከማቸ እውቀት ለሌላው ሲተርፍ አይተናል።

እስከዚያው ድረስ ታማሚ ያለበት ቤተሰብ ከሆስፒታል ሳይወጣ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ የወጣው ሥጋ ለምርመራ ተልኳልን? ውጤቱ መቼና በማን ስልክ ይነገረናል? ወረቀቱስ ስለ ጠርዙ ምን ይላል? የእትዬ ሁለተኛው ወረቀት ጠርዙ በሁሉ በኩል ነጻ ነው ይላል። በፕላስቲክ ጠቅልላ ከዳዊቷ ጋር አስቀምጣዋለች። የሻይ ጠረጴዛዋን ከበራፉ ወደ ግራሩ ጥላ አዛውራለች፥ ሰፊ ባርኔጣም ከጋርባሳሩ በላይ ትደፋለች፤ በየስድስት ወሩ ፊቷን ታሳያለች፥ የሚቀጥለውም ቀጠሮዋ ከትንሣኤ በኋላ ነው።