ዘጠኙ የት ገባ?

ሀና ማርያም በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ አራት ቤት ሆነን አንድ ዋይፋይ እንጋራለን። ሀሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በየወሩ ብሩን የምሰበስበው፣ የምከፍለው፣ ራውተሩ ሲያስቸግር አጥፍቼ የማበራውም እኔው ነኝ። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ኢንጂነሪንግ ተምሬያለሁ። በግቢው ቋንቋ ግን «ኮምፒውተር የሚያውቀው ልጅ» ነኝ፤ ይህ ስም ደግሞ ከዲግሪዬ በላይ ያስከብረኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማታ ከታክሲ ወርጄ ገና ክፍሌን ሳልከፍት አከራያችን ጠሩኝ። ሳሎናቸው ውስጥ የእህታቸው ልጅ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል፤ ፊልም እያወረደ ነው።

«ልጄ፣ አስር ሜጋ ነው ያልከን አይደል?»

«አዎ፣ እማማ።»

ልጁ ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። በሰከንድ 1.1 ይላል።

«ታዲያ ዘጠኙ የት ገባ?»

ሳቄ መጣ። ፊታቸውን ሳየው ግን ጠፋ። ልጁ ሳያየኝ፣ «ወደ ራሱ ክፍል ለይቶት ይሆናላ» አለ።

ቶሎ ቶሎ ማስረዳት ጀመርኩ። ያኛው ቢት ነው፣ ይሄ ባይት ነው፣ ቢቱ ለስምንት ሲካፈል ባይት ይሆናል... እያወራሁ ራሴን ሰማሁት። ቢትና ባይት ለማያውቃቸው ሰው ምላሱ የተሳሰረ ሌባ የሚቀባጥራቸው ቃላት ነው የሚመስሉት። እማማ «እሺ ልጄ፣ ግባና እረፍ» አሉኝ። በአነጋገራቸው ውስጥ «እሺ» ማለት «አላመንኩህም» ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሦስት ቤት ብሩን በእጄ ይሰጠኛል። ደረሰኝ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ነገሩ ይሄ ነው። ቢት የመረጃ ትንሿ ቅንጣት ናት፤ ወይ 0፣ ወይ 1። ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው። «ባይት» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1956 ያመጣው የአይቢኤም ባለሙያ ቬርነር ቡኽሆልዝ ነው፤ ያኔ ስንት ቢት እንደሚይዝ ገና አልተቆረጠም ነበር። ስምንት የጸናው አይቢኤም በ1964 ሲስተም 360 የተባሉትን ኮምፒውተሮች ካስተዋወቀ ወዲህ ነው። መስመር የሚዘረጉ ሰዎች የሚቆጥሩት በቢት ነው፤ በመስመሩ የሚያልፈው ቢት ስለሆነ። ፋይል የሚያስቀምጡት ደግሞ በባይት ይቆጥራሉ። ስለዚህ 10 ሜጋ ቢት በሰከንድ ለ8 ሲካፈል 1.25 ሜጋ ባይት በሰከንድ ይሆናል። ከዚያ ላይ የአድራሻና የመቆጣጠሪያ መረጃ የራሱን ይወስዳል፤ ዋይፋዩም በግድግዳ ሲያልፍ ይደክማል። 1.1 ጤነኛ ቁጥር ነበር። ዘጠኙ የትም አልገባም።

ታዲያ እማማ ለምን ተጠራጠሩ? ቃሉ እኛ አገር ሁለት ቦታ ስለሚሠራ ነው። ስልካችን ላይ 200 ሜጋ ጥቅል ስንገዛ ሜጋ ባይት ማለታችን ነው፤ ብዛት ነው። 10 ሜጋ ዋይፋይ ስንል ደግሞ ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው፤ ፍጥነት ነው። አንድ ሰው 200 ሜጋ ፋይል በ10 ሜጋ መስመር ሊያወርድ ቢቀመጥ 20 ሰከንድ ይጠብቃል። የሚፈጅበት ግን ቢያንስ 160 ሰከንድ ነው። ሜጋ ብቻውን መለኪያ አይደለም፤ ሚሊዮን ማለት ነው። «አስር ሚሊዮን» ብሎ ዝም ያለ ሰው ብር ይሁን ጤፍ አልነገረህም።

እሁድ ጠዋት ቡና ተፈልቶ ሁሉም ባለበት ስልኬን ይዤ ወጣሁ። የሁሉንም ስልክ ከዋይፋዩ አስወጣሁና ፍጥነት መለኪያውን አስኬድኩት፤ 9.4 አለ። ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ ቢቱን ወደ ባይት ቀየርኩ፤ ያው ልኬት 1.17 ሆነ። መልሼ ቀየርኩት፤ 9.4። ሁለት ሦስቴ አደረግኩት። የእህታቸው ልጅ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ራሱ ሞከረው።

እማማ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡ።

«እንደ ሰዓቱ ነው በለኛ» አሉ።

አረብ አገር ያለችው ልጃቸው አንድ ጊዜ «ስምንት ሰዓት ላይ እደውላለሁ» ብላቸው ነበር። እሳቸው ስምንት ሰዓት ብለው ከምሳ በኋላ ስልኩን ታቅፈው ተቀመጡ። እሷ ግን በፈረንጅ ቆጠራ ነበር የተናገረችው፤ በእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደውላ፣ አላነሱም። «ሁለታችንም አልዋሸንም» አሉ። «ግን ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ።»

ይህቺ አረፍተ ነገር ናት ያልለቀቀችኝ። እኔም አልዋሸሁም። ግን ልዩነቱን እሳቸው ባያውቁት እኔ አውቀው ነበር። ያን ጊዜ ብር እንዲያዋጡ ስለምናቸው «አስር ሜጋ!» ያልኩት ቁጥሩ ስለሚያምር ነው። «በሰከንድ አንድ ሜጋ ባይት ገደማ» ብል ማን ያዋጣ ነበር? ሰሚው በራሱ መለኪያ እንደሚረዳው እያወቅኩ ዝም አልኩ። ዝምታዬ አንድ ቅዳሜ ማታ ሌባ ሊያስብለኝ ደረሰ። ሙሉ በሙሉ ያለ ጥፋቴ ነው ለማለት ይቸግረኛል።

አሁን ራውተሩ አጠገብ ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ 10 ሜጋ ቢት ማለት 1.25 ሜጋ ባይት ነው፣ በሰከንድ። ከሥሩ የየወሩ ደረሰኝ ተሰክቷል፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ባለፈው አዲስ ተከራይ መጣና «ስንት ሜጋ ነው?» አለኝ። «አስር ሜጋ ቢት ነው፤ ፊልም ስታወርድ ግን አንድ ሜጋ ባይት ገደማ ነው የምታየው፣ እሱም ለብቻህ ከሆንክ» አልኩት። ፊቱ ትንሽ ቀዘቀዘ። ቢሆንም ድርሻውን ከፈለ፤ እስካሁን ስለ ዘጠኙ አልጠየቀኝም።