ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ዛላ

በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ የገበሬ ልጆች የሆንን ጥቂቶች አይደለንም። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ትራክተርና ስለ መስኖ ግድብ በየመኝታ ክፍሉ እስከ እኩለ ሌሊት ክርክር አለ፤ ስለ ዘር ግን አንድም ጊዜ ድምፅ ከፍ ሲል አልሰማንም። ዘር ከገበያ የሚገዛ ወይም መንግሥት የሚያድለው ነገር ብቻ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ ዘር መምረጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ መምህራኑም ወላጆቻችን ናቸው።

በወሎ ማሽላ በሚዘራበት አገር ያደግን ሁሉ ይህን እናውቃለን። ለዘር የሚሆነው ከአውድማ አይታፈስም። አዝመራው ሳይታጨድ፣ ገና በቁሙ ሳለ፣ በማሳው ውስጥ እየተዞረ ይመረጣል፤ ዛላው የሞላ፣ አገዳው ያልወደቀ፣ ወፍና ትል ያልደፈረው ይለያል። ከተወቃ በኋላማ ፍሬ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ የትኛው አገዳ ነፋሱን እንደቻለ፣ የትኛው በድርቅ እንደጸና ማን ይነግረናል? የተመረጠው ዛላ እንዳለ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጢሱ ነቀዝን ይከለክላል። ከዚያ ወዲያ ጠባቂዎቹ እናቶቻችን ናቸው። እንግዳ መጣ ተብሎ አይነካም።

ምርጫውም ለአንድ ዓይነት ዝናብ አይደለም። በሚያዝያ ዝናብ ከተገኘ እስከ ኅዳር የሚቆየው ማሽላ ይዘራል፤ ያ ቢከሽፍ በሐምሌ ጤፍ ይተካል፤ ክረምቱ ከዘገየ ቶሎ የሚደርሰው ቡኒኝ ጤፍ አለ፤ ይህም ካልሆነ ዝናቡ ሲያባራ፣ በመስከረም፣ ጥቁሩ አፈር በያዘው እርጥበት ሽምብራ ይዘራል። እንግዲህ ሦስትና አራት ዓይነት ዘር ያላስቀመጠ ቤት በአንድ ክፉ ዘመን ባዶውን ይቀራል። አንድ የግብርና ሠራተኛ ጎረቤታችን የሆኑትን ሽማግሌ «አባባ፣ ይህ ሁሉ ቅልቅል ምን ያደርግልዎታል? አንዱን ምርጥ ይያዙ» ቢላቸው፣ «አንተ ዝናቡን አንድ አድርግልኝ፣ እኔም ዘሩን አንድ አደርገዋለሁ» ብለው መለሱለት።

ስለ ስሞቹም እንናገር። «ወተት በጉንጬ» የሚባለው የወሎ ማሽላ ፍሬው የተጨማደደ፣ ምርቱም አነስተኛ ነው። ገበሬው ከሌላው ማሽላ መካከል ጥቂት እየዘራ እሸቱን ጠብሶ ይበላዋል። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት በላይሲን እጅግ የበለጸጉ ሁለት የኢትዮጵያ ማሽላዎች ማግኘታቸውን ገለጹ፤ የዚሁ ወገን ናቸው። ላይሲን በእህል ውስጥ ዘወትር የሚያንስ፣ ለሰውነት ግንባታ የሚያስፈልግ የፕሮቲን ክፍል ነው። የወሎ ገበሬ ላይሲን የሚለውን ቃል አያውቅም፤ ስሙን ግን አስቀድሞ አውጥቶለታል።

ይህ የብዙ ትውልድ ምርጫ በአንድ ዓመት ሊጠፋ ይችላል። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ለዘር የተቀመጠውን አውርዶ የበላ ቤት ብዙ ነው። ማን ይፈርዳል? ልጅ እየሞተ ዘር የሚጠብቅ የለም። ዝናቡ ሲመለስ ግን የሚዘራው የለም። ደግነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ በተቋቋመው፣ ዶክተር መላኩ ወረደም ለብዙ ዓመታት በመሩት የዘር ባንክ፣ ከየአገሩ የተሰበሰበ ዘር ተቀምጦ ነበር፤ ከዚያም ለገበሬው እየተመለሰ በማሳው ላይ እንዲራባ ተደረገ። ዶክተር መላኩ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። ስማቸውን በግቢያችን የሚያውቅ ስንት ይሆን?

አዲሱን ዘር የምንጠላ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ ጤፍ ገበሬው ወዶ የተቀበለው ነው። ነገር ግን ቁንጮ ከሰማይ አልወረደም፤ የማኛን ንጣትና የዱከምን ምርት እንዲወርስ ሁለቱ ተዳቅለው የተገኘ ነው፤ እነዚያም ከገበሬው ጤፍ የተመረጡ ናቸው። ዘር ከልጓም ይስባል የሚባለው ስለ ሰው ቢሆንም ለጤፍም አያንስም። ማሳው ሁሉ ቁንጮ ብቻ ከሆነ የሚቀጥለው ቁንጮ ከማን ይወለዳል?

ስለዚህ በዚህ ክረምት ወደየአገራችሁ የምትሄዱ ሁሉ አንድ ደብተር ያዙ። በቤታችሁ ያለውን ዘር ስሙን፣ የሚዘራበትን ወር፣ በስንት ወር እንደሚደርስ፣ ለእንጀራ ወይስ ለጠላ እንደሚሻል ጻፉ። እናቶቻችሁ «ድሮ ነበረን» የሚሉትን ደግሞ ለይታችሁ መዝግቡ፤ ከጎረቤት ቤት ከምድጃው በላይ አንድ ዛላ ተርፎ እንደሆነም ጠይቁ።